ምን አስገባችሁ? ምንስ አቆያችሁ?

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም። የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ ደም ሲፈስ ካየሁ ፊቴን የማዞር፥ የመድኃኒት ሽታ የሚያጥወለውለኝ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሕክምና ተማሪዎች ለመጻፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ዳሩ ግን ነገሩን እኔ ፈልጌ አላመጣሁትም፤ ከአሶሳ በስልክ መጣብኝ።

ባለፈው ወር አንድ ማታ አባቴ ደወለልኝ። የቤተሰቡን ደኅንነት፥ የማንጎውን ዛፍና የጎረቤቱን ሁሉ ነግሮኝ ሲያበቃ፥ «እኅትህ ሕክምና እሞላለሁ ትላለች። ዩኒቨርሲቲ ቆይተህ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ምከራትና ቁርጡን ንገረኝ» አለኝ። እኅቴ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ደርሶባታል። «አባዬ፥ አንተስ ምን ትላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔማ ከቤቴ ዶክተር ቢወጣ ምን ከፋኝ! ግን ስድስት ሰባት ዓመት ተምረው ሥራ ፍለጋ የሚዞሩ አሉ ይባላል» ብሎ ዝም አለ።

እኔም እንደ ሌሎቹ የኪነ ጥበብና የማኅበራዊ ጥናት ተማሪዎች ስለ ሕክምና ተማሪዎች አንድ የተዘጋጀ አስተያየት ነበረኝ። ይኸውም፦ «ወላጅ ገፍቷቸው፥ ማዕርግ ስቧቸው፥ ገንዘብ አጓጉቷቸው የገቡ ናቸው» የሚል ነው። ይህን ዐሳብ በየሻይ ቤቱ ስናገረው ኖሬአለሁ። አሁን ግን የምናገረው ለእኅቴ ስለሆነ በግምት መናገር አሳፈረኝና ለመጠየቅ ተነሣሁ።

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አሶሳ አብሮኝ የተማረ አንድ ጓደኛ አለኝ። የበርታ ተወላጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከመላው አገር ተፈታኞች ያለፉት ከመቶ 3.3 ብቻ በነበሩበት ጊዜ ሁለታችንም አለፍን፤ እኔ ወደ ታሪክ፥ እርሱ ወደ ሕክምና ሄድን። ዘንድሮ መጽሐፉን ይዞ ወደ ሕሙማን አልጋ ለመቅረብ በቅቷል። በጥቁር አንበሳ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ከክፍል ጓደኞቹ ጋር አገናኘኝ። እኔም ደብተሬን ዘርግቼ፥ «ወደ ሕክምና ምን አስገባችሁ?» ብዬ በየተራ ጠየቅኋቸው።

አንደኛው፥ «ውጤቴ ከፍተኛ ነበር፤ በአገራችን ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ሰው አይመርጥም፤ ውጤቱ ይመርጥለታል» አለኝ። ሁለተኛዋ ሣቀችና፥ «እናቴ ዶክተር ብላ መጥራት የጀመረችው አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ነርስ ብሆን እንኳ ስሟን የቀየርሁባት ያህል ታዝናለች» አለች። ሦስተኛው ምንም ሳያፍር፥ ፈተናውን አልፎ ወደ አሜሪካ መሻገር እንደሚፈልግ ነገረኝ። አራተኛው ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ታሞ ከገጠር በቃሬዛ ሲወሰድ መንገድ ላይ እንደሞተ ተናግሮ ሻዩን ማማሰል ጀመረ፤ ለጥቂት ጊዜም የተናገረ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር፥ ከአራተኛው በቀር የሰማሁት ሁሉ ቀድሞ ከያዝሁት አስተያየት ጋር ስለተስማማልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ደብተሬን ሳጥፍ ጓደኛዬ እጄን ያዘና፥ «አንተ ባለ ታሪክ፥ ጥያቄህ ጎደሎ ነው። ምን አስገባችሁ አልህ እንጂ ምን አቆያችሁ አላልህም። በአሥራ ስምንት ዓመቱ የገባበትን ምክንያት ይዞ የሚጨርስ ሰው ያለ ይመስልሃል?» አለኝ።

ይህ ቃል ማታ እንቅልፍ ከለከለኝ። በማግሥቱም ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራየን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣውን ኃይል ከውስጥ የሚመነጭና ከውጭ የሚመጣ ብለው ይለዩታል። ከውጭ የሚመጣው ሽልማት፥ ቅጣት፥ ሙገሳና እፍረት ነው። ከውስጥ የሚመነጨው ሥራውን ለራሱ ለሥራው ሲሉ መውደድ ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ግንብ የለም፤ ከውጭ የገባው ምክንያት ቀስ በቀስ የሰውየው የራሱ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ለዚህም ሦስት ነገሮች ይረዳሉ፤ በገዛ ፈቃድ የመረጡት መሆኑ፥ እችለዋለሁ የሚል እምነትና ከሌላ ሰው ጋር መተሳሰር ናቸው። እንግዲህ የሻይ ቤቷ ተማሪዎች የነገሩኝ የመግቢያውን በር ብቻ ነበር። ከበሩ በኋላ ያለውን ቤት አላየሁትም።

የራሴ ትምህርትም ይህንኑ ያስተምረኛል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ተመልከቱ። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ከወላጆቹ የጠፋ ሕፃን ነበር። የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ሕንድ ወሰዱት፤ እዚያው አድጎ ሕክምና ተማረ። ሕፃኑን «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ያለ አይመስለኝም። ያም ሆኖ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ በሕክምናው አገለገለ። የገባበትን መንገድ ሌሎች መረጡለት፤ ሙያውን ይዞ መመለሱ ግን የራሱ ነበር።

ደግሞ የጎንደርን ነገር አስቡ። በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ከዚያ የወጡት የጤና መኰንኖች፥ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር እየወረዱ በሥራ ላይ ተማሩ። ኮሌጁ በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፥ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. መካከል፥ ወባ እንደገና ተነሥታ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመችና 150,000 ያህል እንደገደለች ይገመታል። የዚያ ዘመን ተማሪ ለምን እንደሚማር ለማወቅ የሥነ ልቡና መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገውም፤ መስኮቱን ከፍቶ ቢመለከት ይበቃው ነበር።

ወባ ግን የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ የምትገኝ አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። እኛ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ላይ ያደግን ልጆች ይህን ቁጥር እንደ ቁጥር አናነበውም። አገሩ ሁሉ ክልላችንን በጉባው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያውቀዋል። እኛ ደግሞ በሙቀቱ፥ በቀርከሃው፥ በማንጎውና በወባው እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ባለፈው ክረምት ልመለስ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከጓደኛዬ ጋር አሶሳ ነበርን። አንድ ሌሊት አያቴን ብርድ ብርድ ብሏት ተንቀጠቀጠች። ወዲያው ለጓደኛዬ ደወልሁለት፤ ባጃጅ ይዞ መጣና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ሁሉ ሞልተዋል። ተረኛዋ ነርስ አንድ ብቻዋን ነበረች። ከደጋ አገር የተመደበች ልጅ ናት፤ በዚያ ሌሊት ከወንበሯ ስትቀመጥ አላየኋትም።

የአያቴ ደም ተመርምሮ ወባ ተገኘባትና ኳርተም ተሰጣት። ለመሄድ ስንነሣ አንዲት የገጠር ሴት ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ አዝላ ገባች። ነርሷ፥ «ትኩሳቱ ከጀመረው ስንት ቀን ሆነው? ያንቀጠቅጠዋል? ይጠባል?» እያለች በአማርኛ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ የምታውቀው በርታኛ ብቻ ነበር። ነርሷ በጣቷ ብትቆጥር፥ በእጇ ብታሳይ፥ ሴትዮዋ ነገሩን ሁሉ በመስማማት ራሷን ትነቀንቃለች። ሦስት ቀን ነው ሲሏት እሺ፤ አንድ ቀን ነው ሲሏትም እሺ።

ጓደኛዬ ያን ጊዜ ገና ወደ ሕሙማን ክፍል ያልገባ ተማሪ ነበር። ጋዋን አልለበሰም፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተነክሯል። ከነርሷ ፈቃድ ጠየቀና ከሴትዮዋ እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ በቋንቋዋ አነጋገራት። ሴትዮዋ እስከዚያ ድረስ ይዛው የነበረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አፈሰሰችው። ልጁ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሁለት ጊዜ እያንዘፈዘፈው ራሱን ስቷል፤ ከቀትር ወዲህም ጡት አልያዘም። ይህን ሲተረጉምላት ነርሷ የያዘችውን ሁሉ ትታ ልጁን ከእናቱ ጀርባ አወረደችው። አርቴሱኔት የሚባለውን መርፌ ሰጠችው፤ ለጓደኛዬም፥ «አትሂድ፤ እናቱን አነጋግርልኝ» አለችው። እስኪነጋ እዚያው ቆየ። አያቴን ቤት አድርሼ በጠዋት ስመለስ ልጁ ጡት ፈልጎ ያለቅስ ነበር። ያን ለቅሶ የሰማ ሰው ሁሉ ይሥቅ ነበር።

ልብ አድርጉ፤ ጓደኛዬ መርፌ አልወጋም፥ መድኃኒትም አላዘዘም። ጠየቀ፥ ሰማ፥ ተረጐመ። ይኸው ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ከመንገዱ ዳር ከማንጎ ጥላ ሥር ቆመና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። ከሕክምና ትምህርት ወጥቶ ወደ ሌላ ክፍል ለመዛወር የጻፈው ማመልከቻ ነበር። «አንድ ፈተና ወድቄ ደግሜአለሁ» አለኝ። «ጓደኞቼ በአንድ ንባብ የሚይዙትን እኔ ሦስት ጊዜ አነባለሁ። እቤት ሁሉም ዶክተር ስለሚሉኝ ለማንም አልነገርሁም። መስከረም ላይ ላስገባው ነበር።» «አሁንስ?» አልሁት። ወረቀቱን መልሶ አጠፈውና፥ «ከክፍሌ ተማሪዎች ሁሉ ትናንት ሌሊት ያን ጥያቄ መጠየቅ የሚችል እኔ ብቻ ነበርሁ። በውጤት የሚበልጡኝ ሁሉ ቢኖሩ ኖሮ እንኳ ያችን ሴት አይሰሟትም ነበር» አለኝ። ማመልከቻውን ግን አልቀደደውም። እስከ ዛሬ ከመጽሐፉ ውስጥ አለ። ሰው ልቡ በአንድ ሌሊት የሚለወጥ በተረት ነው።

ሊቃውንቱ የዘረዘሯቸውን ሦስቱን ነገሮች ያን ጊዜ በዓይኔ አየኋቸው። ማንም ሳያዝዘው ተቀመጠ፤ የሚችለው ነገር እንዳለ አወቀ፤ ሰው ፈለገው። ወደ ሕክምና ያስገባው ውጤቱና ዘመዶቹ ነበሩ። ያቆየው ግን ስሟን እንኳ የማናውቃት አንዲት እናት ናት።

ጓደኞቼ ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔም ልወድቅበት ምንም አልቀረኝም። ይኸውም እንዲህ ያለውን ታሪክ ከተረኩ በኋላ፥ «እንግዲያስ ሐኪም ማለት መሥዋዕት ነው፤ ስለ ደመወዝ አያንሣ» ብሎ መስበክ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ቦታ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸውና የሥራቸው ሁኔታ እንዲሻሻል ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ ከእኛ መካከል «ሙያው ቅዱስ ነው፤ ገንዘብ ምን ይሠራላቸዋል?» ያልን ነበርን። ያልን ያልሁት ራሴንም ስለምጨምር ነው። ዳሩ ግን ያቺ ተረኛ ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች ሰው ናት፤ የቤት ኪራይዋ በቅድስና አይከፈልም። በጎ ፈቃድ ከውስጥ የሚነድ እሳት ቢሆንም እንጨት ካልጨመሩለት ይጠፋል። ያለ እንጨት እንዲነድ የሚፈልግ ሰው እሳቱን የሚያሞግሰው ለመሞቅ ብቻ ነው።

እንደዚሁም «ወደ አሶሳ ማን ይሂድ?» የሚለው ጥያቄ በስብከት አይፈታም። በ1957 ዓ.ም. በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደየክፍለ ሀገሩ ይልክ ነበር። ብዙዎቹ በመምህርነት ሄዱ፤ ሳይወዱ የሄዱም ነበሩ። ሆኖም አገራቸውን በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። እኔ ከዚህ የምማረው ነገር ቢኖር ሰው የሚፈልገውን ሕዝብ ሳያይ ሊቆረቆርለት እንደማይችል ነው። በርታኛ፥ ጉሙዝኛ፥ ሽናሽኛ፥ ማኦኛና ኮሞኛ የሚናገሩ ልጆች ወደ ሕክምና ቢገቡና ገብተውም እንዳይወጡ ብንደግፋቸው፥ የዚያች ሴት ዓይነቷ በራስ ነቅናቄ ልጇን አታጣም።

አሁን የቀረኝ ኑዛዜ ነው። መጀመሪያ ላይ ደም ሳይ ፊቴን አዞራለሁ ብያችኋለሁ። ይህን እንደ ቀልድ ስለምናገረው ማንም ምክንያቱን ጠይቆኝ አያውቅም።

እኛ በአሶሳ ዙሪያ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው ያደግነው። አያቶቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። እኔ አሥራ አምስት ዓመት፥ እኅቴ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነን፥ አባታችንና እናታችን እርሻ ላይ ሳሉ ትንሹ ወንድማችን ትኩሳት ጸንቶበት ያንዘፈዝፈው ጀመር። ዓይኑ ነጩ ብቻ ቀረ። እኔ፥ «ባጃጅ ልጥራ» ብዬ ሮጬ ወጣሁ። በመንደራችን በዚያ ሰዓት ባጃጅ እንደማይገኝ አውቅ ነበር። ከማንጎው ዛፍ ጀርባ ቆሜ ጆሮዬን ይዤ ቆየሁ። ጎረቤት ሰምቶ ሲገባ ነው ተከትዬ የገባሁት። እኅቴ ልጁን በጎኑ አስተኝታ፥ ነጠላዋን በውኃ ነክራ ደረቱን እያበሰች፥ አንድ እጇን ከጭንቅላቱ ሥር አድርጋ አገኘኋት። ወንድማችን ዳነ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አባቴ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማር ሲለኝ ታሪክ እወዳለሁ እያልሁ ተከራከርሁት። ታሪክ መውደዴ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም።

ባለፈው እሑድ ለእኅቴ ደወልሁላት። «ወደ ሕክምና ምን ያስገባሻል?» አልኋት። «ውጤቴ ይደርሳል። ደግሞ አባዬ ደስ ይለዋል» አለችኝ። የሻይ ቤቷን መልስ ስለሰማሁ ሣቅሁ። ቀጥዬም፥ «ወንድማችን የታመመ ዕለት ትዝ ይልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። «እንዴት አይለኝም፤ አንተ ባጃጅ ልትጠራ ሄደህ ነበር» አለች።

ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስታምን ኖራለች። እውነቱን ነገርኋት። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለች። በመጨረሻ፥ «እኔም እኮ ፈርቼ ነበር» አለች። «ግን እጄን ባነሣ ጭንቅላቱ መሬቱን ይመታዋል። ስለዚህ አላነሣሁም።»

ከዚያ በኋላ የማውቀውን ክፉውን ሁሉ ነገርኋት፤ የዓመቱን ርዝመት፥ የደመወዙን ማነስ፥ ተመርቀው ሥራ ያጡትን፥ ጓደኛዬ ከመጽሐፉ ውስጥ ያስቀመጠውን ማመልከቻ ጭምር። ሁሉን ሰምታ፥ «እሺ፥ አሰብሁበት ብለህ ለአባዬ ንገረው፤ እኔ እሞላለሁ» አለችኝ። አባቴም ማታ ሲደውል፥ «ትሙላ» አልሁት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ የማንጎውን ዛፍ ነገር ለእርሱም ነገርሁት። አልተቆጣኝም፤ «አንተም እኮ ልጅ ነበርህ» አለኝ።

የሕክምና ተማሪ የሆናችሁ አንባቢዎች፥ ስለ እናንተ የጻፍሁት ስሕተት ካለበት በሚቀጥለው እትም አርሙኝ። መልሳችሁን ስትጽፉ ግን ምን አስገባችሁ ለሚለው አትድከሙ፤ እርሱን ደብተሬ ላይ ይዤዋለሁ። ምን እንዳቆያችሁ ጻፉልን፤ እኅቴም ታነብበዋለች።